አስሊዎቹ ወዴት ሄዱ? ሴቶች በኮምፒዩተር ሙያ ታሪክ ውስጥ

 የታሪክ መምህር ስለ ኮምፒዩተር ሲናገር መስማት ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የማሽኑን ውስጣዊ አሠራር ለባለሙያዎቹ ትቼ ማሽኑን ማን እንደሠራበት፣ ማን እንደተመሰገነበትና ማን እንደተረሳበት ልናገር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልጠቆምኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ንግግር መነሻ የሆነኝ አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ ያነሣው ጥያቄ ነው። «ሴቶች ወደ ቴክኖሎጂ ሙያ ዘግይተው የገቡት ለምንድን ነው?» አለኝ። ጥያቄው ቅን ነው። በውስጡ ግን ያልተፈተሸ ግምት ተሸሽጓል፤ ሙያው ከመጀመሪያው የወንዶች ቤት እንደነበረና ሴቶች በኋላ በሩን እንዳንኳኩ ይቆጥራል። ማስረጃው የሚነግረን ሌላ ነው። ሴቶቹ ቤቱ ሲሠራ እዚያው ነበሩ። ስለዚህ «ለምን ዘገዩ?» የሚለውን ትተን «እንዴት ወጡ?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። ይህን ጥያቄ የምንመልሰው ደግሞ የሥራ መደብን፣ የደመወዝ እርከንን፣ የመግቢያ መስፈርትንና ቃለ ጉባኤን የመሳሰሉ ተራ ወረቀቶችን በማንበብ ነው።

ከቃሉ ልጀምር። ዛሬ «ኮምፒዩተር» ስንል ዕቃ ነው የምናስበው። እስከ 1940ዎቹ ድረስ ግን ቃሉ በእንግሊዝኛ የሰው የሥራ መጠሪያ ነበር፤ ወረቀትና እርሳስ ይዞ፣ በኋላም የእጅ ማስሊያ ማሽን እያንቀሳቀሰ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያሰላ የሚውል ሠራተኛ ማለት ነው። እኛ «አስሊ» ልንለው እንችላለን። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የከዋክብት መመልከቻ ተቋም ዳይሬክተር የነበሩት ኤድዋርድ ፒከሪንግ ለዚህ ሥራ በርካታ ሴቶችን ቀጠሩ። ሴቶቹ የከዋክብት ፎቶግራፍ የታተመባቸውን መስታወቶች እየመረመሩ ይለኩ፣ ይመድቡና ይመዘግቡ ነበር። ከመካከላቸው አኒ ጃምፕ ካነን ያዘጋጁት የከዋክብት አመዳደብ እስከ ዛሬ መሠረቱ አልተለወጠም። ሄንሪየታ ሌቪት በ1912 የታተመው ግኝታቸው ለሥነ ፈለክ የሩቅ ርቀት መለኪያ ሰጠው። የተቀጠሩበት ምክንያት ግን ሊቅነታቸው አልነበረም። ሥራው አሰልቺና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው ተብሎ ስለታሰበ፣ ክፍያቸውም ከወንዶች ያነሰ ስለነበረ ነው። ይህን ምክንያት አስታውሱልኝ፤ ደግመን እናገኘዋለን።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ለመድፎቹ የተኩስ ሠንጠረዥ ያስፈልገው ነበር። አንድ ጥይት በአየር ላይ የሚሄድበትን መንገድ አንድ ሰው በማስሊያ ማሽን ሲያሰላ ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ለዚህም በፊላደልፊያ ከተማ፣ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሒሳብ የተማሩ ወጣት ሴቶች በብዛት ተሰበሰቡ። እዚያው ግቢ ውስጥ መሐንዲሶች ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ቫኪዩም ቲዩቦች የተገጠሙለትን ኤኒያክ የተባለ ግዙፍ ማሽን እየገነቡ ነበር። በ1945 ከአስሊዎቹ መካከል ስድስት ሴቶች ማሽኑን እንዲያዙ ተመረጡ። ስማቸውን በዚህ አዳራሽ ልጥራው፤ ኬትሊን መክነልቲ፣ ቤቲ ጂን ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ቢላስ እና ሩት ሊክተርማን።

መመሪያ መጽሐፍ አልነበራቸውም፤ ገና ያልተጻፈ ነበርና። የፕሮግራም ቋንቋ የሚባል ነገርም አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ማሽኑ ወዳለበት ክፍል የመግባት ፈቃድ እንኳ ስላልነበራቸው አሠራሩን የተማሩት ከመሐንዲሶቹ ንድፍ ላይ ነው። የሒሳቡን ችግር ወደ ጥቃቅን ቅደም ተከተሎች ከፋፍለው፣ ኬብል ከኬብል አገናኝተውና ማብሪያ ማጥፊያዎችን አስተካክለው ማሽኑን አሠሩት። ሲሳሳት ከሺዎቹ ቲዩቦች መካከል የተቃጠለውን ለይተው የማግኘት ችሎታም አዳበሩ። በየካቲት 1946 ኤኒያክ ለሕዝብ ሲታይ፣ ተመልካቾችን ያስደነቀውን የጥይት ጉዞ ስሌት ያዘጋጁት ጄኒንግስና ስናይደር ነበሩ። ሰዓታት ይፈጅ የነበረው ስሌት በ20 ሰከንድ ገደማ ተፈጸመ። ጋዜጦች ስለ ማሽኑና ስለ መሐንዲሶቹ ጻፉ። ጄኒንግስ በኋላ እንደተረኩት፣ በዚያው ምሽት በተደረገው የእራት ግብዣ ላይ ሴቶቹ አልተጠሩም።

በ1980ዎቹ ኬቲ ክላይማን የተባለች የሃርቫርድ ተማሪ የኤኒያክን አሮጌ ፎቶግራፎች ስታገላብጥ ከማሽኑ አጠገብ የቆሙ ሴቶች ታያለች። በፎቶው ግርጌ ስማቸው የለም። እነማን እንደሆኑ ስትጠይቅ፣ ማሽኑ በፎቶ እንዲያምር የቆሙ ሞዴሎች ናቸው የሚል መልስ ተሰጣት፤ በማስታወቂያ ላይ ከማቀዝቀዣ አጠገብ እንደሚቆሙት ሴቶች ማለት ነው። አላመነችም። ፈልጋ አገኘቻቸው፤ በሕይወት ነበሩ፤ የሠሩትንም አንድ በአንድ ያስታውሱ ነበር።

አንድ አገርኛ ተረት አለን፤ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይባላል። ተረቱን ብዙ ጊዜ የምናነሣው ልንነቅፈው ነው። ነገር ግን በጥንቃቄ ብናየው የሴቲቱን ዕውቀት አይክድም። ታውቃለች ይላል። የሚነጥቃት የማጠናቀቁን ክብር ነው። የፊላደልፊያው ታሪክም እንዲሁ ነው። ሴቶቹ መሥራታቸውን ማንም አልካደም፤ የሠሩት ነገር ስም ግን «የጽሕፈት ቤት ሥራ» ተባለ።

ይህ ስያሜ ከየት መጣ? በዚያን ዘመን የተከበረው ሥራ ማሽኑን መገንባት ነበር። ማሽኑን ማዘዝ፣ ዛሬ ፕሮግራም መጻፍ የምንለው፣ አንድ ሐኪም የተናገረውን በታይፕ እንደመገልበጥ ታየ። ስለዚህ ያለ ብዙ ክርክር ለሴቶች ተተወ። ሴቶቹ ሲገቡበት ግን ከተገመተው በላይ ጥልቅ ሆኖ ተገኘ። በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙት ግሬስ ሆፐር፣ ማሽኑ ራሱ የፕሮግራም ክፍሎችን እንዲሰበስብ ማድረግ ይቻላል ብለው በ1952 ከመጀመሪያዎቹ ኮምፓይለሮች አንዱን ሠሩ። እስከ ዛሬ በባንኮች ውስጥ የሚሠራው ኮቦል ቋንቋ ከእርሳቸው ሐሳብ ብዙ ወስዷል። በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ዶሮቲ ቮን፣ የቆዳ ቀለም መለያየት ሕግ በነበረበት ዘመን የጥቁር ሴት አስሊዎች ኃላፊ የነበሩት፣ ኮምፒዩተር ሲመጣ ሥራቸውን እንደሚወስድ ቀድመው ተረድተው ፎርትራንን ተማሩ፤ ለባልደረቦቻቸውም አስተማሩ።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ታሪካዊ መታጠፊያ አለ። ሥራው ከባድ እንደሆነ፣ ገንዘብ እንደሚያስገኝና ሥልጣን እንደሚሰጥ ሲታወቅ ምን ሆነ? ሁለት አገሮችን ላነጻጽር።

የመጀመሪያዋ ብሪታንያ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ብሌችሊ ፓርክ በተባለው የምስጢር መፍቻ ማዕከል ከሠሩት ወደ 10 ሺህ ከሚጠጉት ሰዎች አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ኮሎሰስ የተባለውን የኤሌክትሮኒክስ ማሽን ያንቀሳቅሱት የነበሩት የባሕር ኃይል ሴቶች ናቸው። ምስጢሩ እስከ 1970ዎቹ ስለተጠበቀ ልምዳቸውን ለቀጣሪ እንኳ መናገር አይችሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማሽኖቻቸውን ለሴቶች ሰጡ፤ ለሥራውም «የማሽን እርከን» የሚባል ዝቅተኛ መደብ አወጡለት። የሥልጣን ዕድገት አልነበረውም። የታሪክ ተመራማሪው ማር ሂክስ እንዳሳዩት፣ ከ1955 ጀምሮ በሲቪል ሰርቪሱ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ በየደረጃው ሲፈቀድ የማሽን እርከኑ ከዚህ ተገለለ። ምክንያቱን ልብ በሉ፤ በመደቡ ውስጥ ወንዶች የሉምና ደመወዛቸውን የምናመሳስልበት የወንድ ደመወዝ የለም ተባለ። መጀመሪያ ሥራውን የሴት አደረጉት፤ ቀጥሎም የሴት በመሆኑ የእኩልነት ሕጉ አይመለከተውም አሉ።

ይኸው ተመራማሪ ከሰነድ ያወጡት አንድ ታሪክ አለ። በ1959 አንዲት የመንግሥት ፕሮግራመር ስለ ኮምፒዩተር ምንም የማያውቁ ሁለት አዲስ ሠራተኞችን ዓመቱን ሙሉ አሠለጠነች፤ የራሷንም ሥራ ጎን ለጎን ትሠራ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሠልጣኞቹ ወደ ኃላፊነት አደጉ፤ እርሷ ከሥራቸው ረዳት ሆነች። ያ ውሳኔ ያለ ጩኸት፣ በደንቡ መሠረት የተፈጸመ የሠራተኛ ዝውውር ነበር። ብሪታንያ ግን ዋጋውን ከፍላለች። መንግሥት ለአለቃነት የታሰቡ ወጣት ወንዶችን ወደ ኮምፒዩተር ሥራ ሲያዛውር ብዙዎቹ ሥራውን አልፈለጉትም፤ ሥራውን የሚያውቁት ሴቶች ደግሞ ወደ ላይ የሚወጡበት መሰላል አልነበራቸውም። በዚህ መካከል ባለሙያ ጠፋ።

የተጣለውን ዕውቀት ያነሣች ሴትም ነበረች። ስቴፋኒ ሸርሊ በ1962 በ6 ፓውንድ መነሻ የፕሮግራም ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። የቀጠሩት በአብዛኛው ልጅ በመውለዳቸው ከሥራ የወጡ ሴቶችን ነበር፤ ቤታቸው ሆነው እንዲሠሩም አደረጉ። ለደንበኞች የሚጽፏቸው ደብዳቤዎች መልስ ሲያጡ ፊርማቸውን በወንድ ስም «ስቴቭ» ብለው መጻፍ ጀመሩ። መልሱ ያን ጊዜ መምጣት ጀመረ። ኮንኮርድ የተባለው አውሮፕላን የጥቁር ሳጥን ፕሮግራም የተሠራው በእነዚህ ሴቶች ነው።

ሁለተኛዋ አገር አሜሪካ ናት። በዚያ መንገዱ የተለየ ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የፕሮግራመር ፍላጎት ከአቅርቦቱ ስለበለጠ ኩባንያዎች አመልካቾችን በፈተና መለየት ጀመሩ። ፈተናው የሒሳብ እንቆቅልሾችን ያበዛ ነበር። ቀጥሎ የጠባይ መመዘኛ መጣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ካነንና ፔሪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ባለሙያዎች፣ በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራመሮችን ጠይቀው ጥሩ ፕሮግራመር ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚገልጽ መለኪያ አወጡ። ከተጠየቁት ውስጥ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ከመልሶቹ የወጣው አንዱ ጎልቶ የሚታይ ባሕርይ ከሰው ጋር መዋልን አለመውደድ ነበር። መለኪያው በቅጥር ላይ ዋለ፤ ብቸኝነትን የሚወድ ወንድ ተመረጠ፤ የተመረጡት ሲበዙ የሙያው መልክ ሆኑ። የተለካው ሙያው ሳይሆን በሙያው ውስጥ ቀድሞ የተገኘው ሰው ነበር።

ያም ሆኖ ሴቶች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች መግባታቸውን አላቆሙም ነበር። በ1984 ገደማ በአሜሪካ በኮምፒዩተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከወሰዱት ውስጥ ሴቶች 37 በመቶ ያህል ደርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወደ ታች ሄደ፤ በ2010 አካባቢ 18 በመቶ ገደማ ሆነ። በሕክምናና በሕግ ትምህርት በዚያው ዘመን የሴቶች ቁጥር እያደገ ነበር። ስለዚህ ሴቶች ከከባድ ትምህርት ሸሹ የሚለው ማብራሪያ አይጸናም። አንዱ ምክንያት የግል ኮምፒዩተር ወደ ቤት መግባቱ ነው። ከ1977 ጀምሮ ለገበያ የቀረቡት ማሽኖች በማስታወቂያ የወንድ ልጅ መጫወቻ ሆነው ታዩ። በየቤቱም ማሽኑ በወንዱ ልጅ ክፍል ተቀመጠ። እነዚህ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ መምህራኑ የመጀመሪያውን ኮርስ ቀድሞ ለሚያውቅ ተማሪ በሚስማማ ፍጥነት አስተማሩት። በሒሳብ ጎበዝ የሆነች፣ ነገር ግን ቤቷ ኮምፒዩተር ያልነካች ሴት ልጅ፣ በሦስተኛው ሳምንት «ይህ ለእኔ አይሆንም» አለች። የልምድ ልዩነት የችሎታ ልዩነት መስሎ ታያት።

ይህ ማብራሪያ ግምት ብቻ እንዳልሆነ ያሳየ አንድ ተቋም አለ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር ተማሪዎቹን ለዓመታት ጠይቀው ችግሩን አጠኑ። ዩኒቨርሲቲው በመግቢያ ላይ ለቀደመ የፕሮግራም ልምድ የሚሰጠውን ክብደት ቀነሰ፤ ለጀማሪዎችም የተለያዩ መግቢያ ኮርሶችን አዘጋጀ። በ1995 ከአዲስ ገቢዎቹ 7 በመቶ ብቻ የነበሩት ሴቶች በ2000 ዓ.ም. 42 በመቶ ሆኑ። አምስት ዓመት የሰውን ተፈጥሮ ለመለወጥ አይበቃም፤ የመግቢያ መስፈርትን ለመለወጥ ግን ይበቃል። ማሌዥያም ሌላ ምስክር ናት። በዚያ አገር ኮምፒዩተር ሳይንስ ከሚማሩት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ በቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ለሴት ተስማሚ ነው ተብሎ ይታሰባልና። ያው ሥራ በአንዱ አገር የወንድ፣ በሌላው የሴት ተፈጥሮ ነው ከተባለ፣ «ተፈጥሮ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ማየት ይገባናል።

እስካሁን ስለ ሩቅ አገር ተናገርኩ። ስለ ሩቅ አገር መናገር ለታሪክ መምህር ምቹ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። አሁን ግን ስለ ራሴ ልናገር።

በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የማስተርስ ጽሑፌን በማዘጋጅበት ጊዜ፣ በምሠራበት ተቋም የመጀመሪያው ኮምፒዩተር የተቀመጠው በጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ ነበር። ለምን እዚያ ተቀመጠ? ከታይፕራይተር የተሻለ ታይፕራይተር ነው ብለን ስላሰብን ነው። እትዬ እያልን የምንጠራቸው እኒህ ሴት የአማርኛውን የፊደል አጣጣል ያለ አስተማሪ ተማሩ። ፍሎፒ ዲስክ አልነበብ ሲል፣ ማተሚያው ግዕዙን ወደ ማይነበብ ምልክት ሲለውጥ፣ ዲግሪ የያዝን ሁሉ የምንሮጠው ወደ እርሳቸው ነበር። የእኔንም ጽሑፍ ሁለተኛ ምዕራፍ ከጠፋበት መልሰው ያወጡልኝ እርሳቸው ናቸው። በምስጋና ገጼ ላይ «በመተየብ ለተባበሩኝ» ብዬ ጻፍኩላቸው። በመተየብ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋሙ የኮምፒዩተር ክፍል ለማደራጀት ወሰነ። የቅጥር መስፈርት የሚያወጣ ኮሚቴ ተሠየመ፤ እኔም የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። መስፈርቱ በሙያው ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ የሚል ሆነ። የሥራ ልምድ ይተካዋል የሚል ሐረግ አልጨመርንም። ክፉ ሐሳብ የነበረው ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበረም፤ ስለ እትዬም ማንም አላነሣም። አራት ወጣት ወንዶች ተቀጠሩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማሽኖቹ የቱ ጋ ምን እንደሚያስቸግራቸው ያሳዩአቸው እትዬ ነበሩ። ደመወዛቸው ከእነርሱ ያነሰ ነበር፤ እስከ ጡረታቸውም በጸሐፊነት መደብ ቆዩ። የ1959ኙን የብሪታንያ ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ አስቀመጥኩት። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማዬም አለበት።

ይህን የምነግራችሁ ለኑዛዜ ብቻ አይደለም። በአገራችን ለሴት ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብን ዝቅ የማድረግ ድጋፍ ለዓመታት ተሠርቶበታል፤ አስፈላጊም ነበር። ነገር ግን የተናገርኩት ታሪክ ሁሉ የሚያስረዳው፣ መጥፋቱ በበሩ ላይ ብቻ የሚፈጸም አለመሆኑን ነው። ሴቶቹ ከገቡ በኋላ የሚሠሩት ሥራ ምን ተብሎ ይጠራል? በየትኛው እርከን ይመደባል? የመጀመሪያው ኮርስ ለማን ታስቦ ተዘጋጀ? እነዚህ የፋኩልቲ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ያለው በእጃችን ነው።

ጉዳቱ የሴቶቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ዶክተር ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡዎላምዊኒ ጋር በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ከፊት ገጽታ ጾታን የሚለዩ ሦስት የንግድ ፕሮግራሞችን ፈተኑ። ቆዳቸው ነጣ ያለ ወንዶችን በመለየት ስሕተቱ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። ቆዳቸው ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ይህን አዳራሽ የሞሉትን እህቶቼን ማሽኑ ያን ጊዜ ከሦስት አንዴ ያህል ይስታቸው ነበር ማለት ነው። ፕሮግራሞቹ ለገበያ እስኪቀርቡ ድረስ ይህን ልዩነት ጠይቆ ያስቆማቸው ሰው አልነበረም። ጥያቄውን ያነሡት ራሳቸው ጠቆር ያሉ ሴቶች መሆናቸው አጋጣሚ አይመስለኝም።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ በተለይ የምርምር ርእስ የምትፈልጉ፤ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ የአማርኛን ጽሑፍ ከታይፕራይተር ወደ ኮምፒዩተር ያሻገሩት ጸሐፊዎች ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው። ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። ሂዱና ጠይቋቸው፤ ስማቸውን፣ መደባቸውን፣ ደመወዛቸውን፣ ብቻቸውን የተማሩትን ሁሉ መዝግቡ። የፊላደልፊያዎቹን ሴቶች አንዲት ተማሪ ከአርባ ዓመት በኋላ ደርሳላቸዋለች፤ እኛ ግን ያን ያህል ጊዜ ያለን አይመስለኝም።

ባልደረቦቼን ደግሞ የምጠይቀው ከዚያ የቀለለ ነው። በሚቀጥለው ኮሚቴ ላይ መስፈርት ስትጽፉ፣ ይህን ሥራ አሁን ማን እየሠራው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።